«ገበያ ላይ አለ» ይሉናል፤ የማን ገበያ ላይ?

በውድድር ሕግ ውስጥ አጥብቄ የምወደው አንድ ሐሳብ አለ። አጥብቄ የምናደደውም በዚሁ ሐሳብ አያያዝ ነው። ሐሳቡ አጭር ነው፦ የምትወዳደርበት ዕቃ ማንም ሰው ከፍሎ ሊገዛው የሚችል ይሁን። ፋብሪካ በጓዳ ለአንተ ብቻ የሠራልህ ከሆነ አይቆጠርም። ሱቅ የሚሸጠውን ይዘህ ና፣ ከዚያ በኋላ ጉልበትህንና ብልሃትህን እናያለን። የሞተር ሳይክል ውድድር አንድ ትልቅ ዘርፍ የቆመው በዚህ ሐሳብ ላይ ነው። የእኛ አትሌቶች የሚሮጡበት የጫማ ሕግም ዞሮ ዞሮ እዚሁ አርፏል።

ጥሩ ሐሳብ ነው። ችግሩ ያለው «ማንም» በሚለው ቃል ላይ ነው። ሕጉ በተሻሻለ ቁጥር ይህ ቃል ሲጠብ እንጂ ሲሰፋ አላየሁም። ዛሬ «ማንም» ማለት በርሊን ወይም ቦስተን የሚኖር፣ በዶላር የሚከፍል ካርድ ያለው፣ ሽያጩ በተከፈተባት ደቂቃ ስልኩ ላይ ያፈጠጠ ሰው ነው። የጥሊሊ ልጅ እዚህ ቃል ውስጥ የለችም። ክርክሬ ይኼው ነው። (ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ ሲሆን እነግራችኋለሁ።)

የሚታወቅ ፈረስ

ከቤት ልጀምር። ጥሊሊ የጓጉሳ ሽኩዳድ ወረዳ ከተማ ናት፤ ከቡሬ ወደ እንጅባራ ስትጓዙ መንገድ ላይ ታገኟታላችሁ። አዊ ውስጥ ፈረስ ሥራ አለው። ያርሳል፣ ገበያ ያደርሳል፣ ሙሽራ ያጅባል፣ ለቅሶ ይወጣል። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ደግሞ ያው ፈረስ በጌጥ አሸብርቆ እንጅባራ ላይ ይሰለፋል። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በእኛ አቆጣጠር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው፤ ከ80 ዓመት በላይ ሆኖታል። ፈረስ በዓድዋ የዋለውን ውለታ መዘከርም አንዱ ዓላማው ነው።

ታዲያ ያ ሜዳ ላይ የሚጋልበውን ፈረስ ሰው ያውቀዋል። ባለፈው ክረምት የማን ማሳ ላይ እንደዋለ፣ የማን ባዝራ እንደወለደችው፣ በስንት ብር እንደተገዛ የሚነግራችሁ ሰው ከጎናችሁ አይጠፋም። የተሸነፈውም ሰው «ለከርሞ እንዲህ ያለ ፈረስ ገዝቼ ወይ አሳድጌ እመጣለሁ» እያለ ወደ ቤቱ ይገባል። በማይደርስበት ነገር አልተሸነፈማ! «የምትወዳደርበት ዕቃ ገበያ ላይ ያለ ይሁን» የሚለው ሕግ የሚጠብቀው ይኼን ነው፤ የተሸናፊውን ተስፋ። አሸናፊውማ ያለ ሕግም ደስተኛ ነው።

ሞተሩ እንዴት ከሱቅ ሸሸ

አሁን ይኼን ሐሳብ በወረቀት ላይ ጽፈው፣ ከ35 ዓመት በላይ ሲያሻሽሉት ወደኖሩት ሰዎች እንሂድ። በግራንድ ፕሪ የሚወዳደሩት ሞተሮች ለውድድር ብቻ የተሠሩ ናቸው፤ መንገድ ላይ አይነዱም፣ ሱቅ አይገኙም። ሱፐርባይክ የሚባለው የዓለም ሻምፒዮና በ1988 ሲጀመር ግን ቃል የገባው ሌላ ነበር። ሱቅ የሚሸጠው የመንገድ ሞተር ይነሣና፣ በተፈቀደው ልክ ተስተካክሎ ይወዳደር ተባለ። አራት ሲሊንደር ላለው ሞተር 750 ሲሲ፣ ሁለት ሲሊንደር ላለው 1000 ሲሲ ተፈቀደ። ባለ ሁለቱ እንደ ባለ አራቱ ብዙ ዙር መሽከርከር ስለማይችል ጉድለቱን በመጠን ይካስ የሚል ስሌት ነው።

ፋብሪካዎች ቀዳዳ ለማግኘት አይሰንፉም። ሆንዳ አርሲ30 የተባለውን ሞተር ይዞ ቀረበ። ስሙ የመንገድ ሞተር ነው፤ የፊት መብራትም የታርጋ ቦታም አለው። ግብሩ ግን የውድድር ሞተር ነበር፤ በጥቂቱ የተመረተ፣ ዋጋውም ከተራው ሞተር ጋር ሰላምታ የማይለዋወጥ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ሻምፒዮና ወሰደ። ከዚያ ዱካቲ በባለ ሁለት ሲሊንደሩ 1990ዎቹን ገዛ። ባለ አራቶቹ «ሕጉ ያዳላል» እያሉ ጮኹ፤ በመጨረሻ ሆንዳ ራሱ ባለ ሁለት ሲሊንደር ሠራና በ2000 አሸነፈ። በ2003 ባለ አራቶቹም 1000 ሲሲ ተፈቀደላቸው። በ2008 ባለ ሁለቶቹ ወደ 1200 ከፍ አሉ። እንዲህ ሲገፋፉ ኖሩ።

እስከዚህ ድረስ ሕጉ ቢያንስ የሚለካው ማሽኑን ነበር። ከ2018 ወዲህ ግን አሸናፊውን መለካት ጀመረ። ለየፋብሪካው የተለያየ የሞተር ዙር ጣሪያ ወጣ፤ ብዙ ያሸነፈ ጣሪያው ሊወርድበት ይችላል። በ2019 አልቫሮ ባውቲስታ በአዲሱ ዱካቲ የዓመቱን የመጀመሪያ 11 ውድድሮች በተከታታይ ጠራርጎ ወሰደ። የውድድር ዓመቱ ገና ሳይጋመስ የሞተሩ ጣሪያ ከ16,350 ዙር በደቂቃ ላይ 250 ተቀነሰበት። በ2024 ደግሞ የጋላቢውም ክብደት ይቆጠር ተባለና ቀላል ጋላቢ ሞተሩ ላይ ተጨማሪ ክብደት እንዲጫንበት ሆነ። ከዚያ በፊት ሁለት ዓመት በተከታታይ ሻምፒዮን የነበረው ማን ነው? ባውቲስታ። ቀላሉ ሰው ማን ነው? ባውቲስታ። በ2025 የዙር ጣሪያው ራሱ ቀረና ወደ ሞተሩ የሚፈሰውን ነዳጅ መገደብ ተጀመረ።

ይኼን ሁሉ የዘረዘርኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያ ሁሉ ዓመት ውስጥ የተጨቃጨቁት በሲሲ፣ በዙርና በኪሎ ነው። «ማንም ሊገዛው የሚችል» የሚለው መሠረት በጓሮ በር ሲወጣ ብዙም ሰው አልጮኸም። የዋጋ ጣሪያ ነበራቸው፤ 40,000 ዩሮ። ያ 11 ጊዜ ያሸነፈው ሞተር ስንት ተሸጠ? 39,900 ዩሮ! ጣሪያው የወጣው ገዢውን ለመጠበቅ ነበር፤ ፋብሪካው መሰላል አደረገው። የምርት ቁጥርም አላቸው፤ አንድ ሞዴል ለውድድር ለመመዝገብ በሁለት ዓመት ውስጥ 500 ያህል ከተመረተ ይበቃዋል። ለዓለም ሁሉ 500። የጥሊሊ ሰው ሞተር ሲባል ትዝ የሚለው ቦክሰር ነው፤ ሰው ጭኖ፣ ጆንያ ጭኖ፣ ጭቃ ወርዶ ዳገት የሚወጣው። ያኛው «የመንገድ ሞተር» ከቦክሰር ጋር የሚጋራው ሁለት ጎማ ብቻ ነው።

እኔ የምለው፣ አሸናፊ ላይ ክብደት መጫን የመጣው መሠረቱ ከላላ በኋላ ነው። ሁሉም የሚያገኘው ዕቃ ላይ ቢጸኑ ኖሮ በየዓመቱ ሚዛን ይዘው ሰው አያባርሩም ነበር። ግድግዳው ሲዘም ጣሪያውን በገመድ መጎተት ቤት አያቆምም።

ጫማው እንጀራ ነው

ሞተሩ ለእኛ የስልክ መስኮት ነገር ነው፤ አይተን እናልፈዋለን። ጫማ ግን እንጀራ ነው። በዚህ አገር ስንት ልጅ ከድህነት የሚወጣበትን መንገድ በእግሩ እንደሚቆጥር ታውቃላችሁ።

በ2016 በሪዮ ኦሊምፒክ የወንዶች ማራቶን ከአንድ እስከ ሦስት የወጡት ገና ገበያ ያልወጣ የናይኪ ጫማ አድርገው ነበር። ብር ያገኘው የእኛው ፈይሳ ሌሊሳ አንዱ ነው። ስለዚህ «ፈረንጅ በጫማ በደለን» የሚል ቀላል ተረት ይዤ አልመጣሁም። በቀጣዩ ዓመት ጫማው ገበያ ወጣ፤ ወፍራም ግን ላባ የሚያህል ሶል፣ ውስጡ ጠንካራ የካርበን ዝርግ። የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለክተው ሯጩ ከሚያወጣው ጉልበት በአማካይ 4 በመቶ ያህል ይቆጥባል አሉ። በማራቶን 4 በመቶ ምን ማለት እንደሆነ ለሯጭ አይነገረውም።

የዓለም አትሌቲክስ ጥር 31 ቀን 2020 ሕግ አወጣ። የጎዳና ጫማ ሶል ከ40 ሚሊ ሜትር አይብለጥ፣ የካርበን ዝርጉ ከአንድ አይብለጥ። ሦስተኛው ነጥብ ደግሞ ከሞተሮቹ ዓለም የተቀዳ የሚመስል ነው፤ ጫማው ከውድድሩ በፊት 4 ወር ገበያ ላይ የቆየ ይሁን። ማንም ሊገዛው የሚችል! ብራቮ የሚያሰኝ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ግን ሕጉ ተላላ፤ ኦሊምፒክና የዓለም ሻምፒዮና ካልሆነ በስተቀር ገና በሙከራ ላይ ያለ ጫማ ተመዝግቦ መሮጥ ተፈቀደ።

ከዚያ ሁለት ቀኖች መጡ። ሁለቱም የእኛ ናቸው።

የመጀመሪያው መስከረም 12 ቀን 2021 ነው። ደራራ ሁሪሳ የቪየና ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ከ22 ሰከንድ ቀድሞ ገባ። ትንሽ ቆይቶ ተሰረዘ። የጫማው ሶል 50 ሚሊ ሜትር ነበር። አንድ ሴንቲ ሜትር በለጠ፤ ድሉ በሦስት ሰከንድ ለተቀደመው ኬንያዊ ተሰጠ። ሕግ ሕግ ነው፤ አልከራከርም።

ሁለተኛው መስከረም 24 ቀን 2023 ነው። ትዕግሥት አሰፋ በርሊን ላይ 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ሮጣ የዓለምን ክብረ ወሰን ከሁለት ደቂቃ በላይ ቀነሰችው። እንደ ሁላችሁም ጮኼያለሁ። እግሯ ላይ የነበረው የአዲዳስ ጫማ 138 ግራም ይመዝናል፤ ዋጋው 500 ዶላር፤ መጀመሪያ የቀረበው 521 ጥንድ፤ ፋብሪካው ራሱ ለአንድ ማራቶን የሚሆን ነው ያለው። ሕጋዊ ነበር? አዎ። ገበያ ላይ ነበር? በሕጉ ቋንቋ አዎ።

521 ጥንድ። ከሞተሮቹ 500 ጋር ምን ያህል እንደሚቀራረብ አያችሁ?

እስቲ በእኛ ሒሳብ እንየው። 500 ዶላር በዚያን ጊዜ የባንክ ምንዛሪ ከ27,000 ብር በላይ ነው። በዚያን ጊዜ የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ 1,100 ብር ነበር። ሳይበላ፣ ሳይጠጣ፣ ቤት ኪራይ ሳይከፍል ሁለት ዓመት ከአንድ ወር ያጠራቅም ማለት ነው፤ ለአንድ ቀን ጫማ። ይኼም ዶላሩ ከተገኘ፣ ዕቃውም ከመጣ ነው። በብር ካርድ ከውጭ ሱቅ የሚገዛ ሰው ካለ መንገዱን ይንገረኝ።

ለደራራ አንድ ሴንቲ ሜትር የሚያይ ዓይን ነበራቸው። ለዋጋው ማስመሪያ የላቸውም። ቁመቱን በሚሊ ሜትር የሚለካ ሕግ ሰውየው ዕቃውን ማግኘት ይችላል ወይ የሚለውን «በኢንተርኔት ይሸጣል» ብሎ ያልፈዋል።

ይኼ ነገር ለእኔ የሩቅ ወሬ አይደለም። ታናሽ እህቴ ሯጭ ናት። ከጥሊሊ ወጥታ ወደ እንጅባራ በሚወስደው አስፋልት ላይ፣ ገና ሳይነጋ፣ ብርዱ አፍንጫ እየቆነጠጠ ትሮጣለች። ጫማዋ ሳልቫጅ ነው፤ ሶሉ ሁለት ጊዜ ተለጥፏል፣ ጎኑን ጫማ ሰፊ ጠቅሞታል። አንድ ጊዜ ሦስት ልጆች የሚመረጡበት ውድድር ላይ አራተኛ ወጣች። ከፊቷ የነበሩት ሦስቱም ካርበን ያለው ጫማ አድርገው ነበር። ጫማው ነው የቀደማት አልልም፤ ልጆቹም ጎበዞች ናቸው። ግን አይደለም ብሎ የሚያሳየኝም ሰው የለም። የቴክኒክ ሕግ የሚያስፈልገው ለዚህ ነበር፤ አራተኛ የወጣች ልጅ ለምን አራተኛ እንደወጣች እንድታውቅ። እሷ የምታውቀው ከፊቷ የነበሩት ጫማዎች ሲነጥሩ ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚያሰሙ ብቻ ነው።

የሚሉኝን አውቃለሁ

«ጫማ አይሮጥም፣ እግር ነው የሚሮጠው። አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ አላሸነፈም እንዴ?» ይሉኛል። አሸንፏል፤ ሮም፣ 1960። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ግን ጫማ አድርጎ ሮጠ፤ ሰዓቱንም ከሦስት ደቂቃ በላይ አሻሻለ። ይኼን ሁለተኛውን ታሪክ ማንም አያወራም። የሮሙን እያነሣን የደሃ ልጅ ጫማ እንዳትጠይቅ እናደርጋታለን። በዚያ ላይ ሮም ላይ ከአበበ ጎን የሮጡት ጫማ 4 በመቶ ጉልበት አይመልስላቸውም ነበር።

«እያሸነፍን አይደል? ክብረ ወሰኑን የያዘችው የእኛ ልጅ ነበረች፣ ምን ያስለቅስሃል?» ይሉኛል። ጫፍ ላይ ያሉት ስፖንሰር አላቸው፤ ጫማው ቤታቸው ድረስ ይመጣል። እኔ የማወራው ስለ ደጃፉ ነው። ጫማ የሚሰጥሽ ከታየሽ በኋላ ነው፤ የምትታዪው ደግሞ ጫማው ካለሽ ነው። በዚህ ቀለበት ውስጥ የቀሩትን ማንም አይቆጥራቸውም፤ ክብረ ወሰን ዝርዝር ላይ ስማቸው የለማ። የዓለም አትሌቲክስ ስፖንሰር ለሌላቸው ታላላቅ አትሌቶች ጫማ የሚደርስበትን አሠራር አዘጋጅቻለሁ ብሏል። መልካም። ግን «ታላላቅ» እስኪባሉ ድረስስ በምን ይሩጡ?

ሦስተኛው ሙግት የሚከብደው ነው፤ «ቴክኖሎጂን ልታስቆም ነው?» አይደለም። ይሥሩ፣ ይሽጡ፣ ይሻሻሉ። ጫማው አጥንትንና ጅማትን ከጉዳት የሚያድን ሆኖ ርካሽ ከሆነ እኔው ተሰልፌ እገዛለሁ። የሞተሮቹን ስሕተት ድገሙም አልልም፤ ያሸነፈችው ላይ ድንጋይ ይጫን፣ ፈጣኗ ወፍራም ካልሲ ታድርግ አላልኩም። እንዲያውም ዓመቱ ሳይጋመስ አሸናፊ ታይቶ የሚወጣ ሕግን ከማንም በላይ እጠላለሁ። የምለው አንድ ነገር ነው። «ገበያ ላይ ያለ» ካላችሁ ገበያው ይቆጠር፤ በስንት አገር፣ በስንት ጥንድ፣ በስንት ዋጋ።

ታዲያ ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ከእኛው እንጀምር። የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽን ለወጣቶችና ለምርጫ ውድድሮች የራሱን የጫማ ዝርዝር ማውጣት ይችላል። በአገር ውስጥ ሱቅ በብር የሚሸጥ፣ ዋጋው ከተወሰነ ጣሪያ በታች የሆነ ጫማ ብቻ ይፈቀድ። ዝርዝሩ ከውድድር ዓመቱ በፊት ይውጣ፣ እስኪያልቅ አይነካ። በርሊን የሚሮጡት በፈለጉት ይሩጡ። ልጆች የምንመርጥበት ሜዳ ላይ ግን እግር እንጂ ካርድ አይወዳደር። «ሯጮቻችን ለዓለም ውድድር ይለምዱ» የሚል ካለ፣ ከተመረጡ በኋላ ይስጧቸውና ይለማመዱበት።

ሁለተኛ፣ በዓለም መድረክ አፋችን ይከፈት። ያለ ኢትዮጵያና ያለ ኬንያ የረዥም ርቀት ሩጫ ምን ይቀረዋል? ፋብሪካዎቹ ጫማቸውን የሚያስተዋውቁት በእኛ ልጆች እግር ነው። ማስታወቂያው ከዚህ ከሆነ፣ ገበያውም እዚህ ይኑር ማለት ልመና አይደለም። የሞተሮቹ የዋጋ ጣሪያ ብቻውን እንዳልሠራ አይተናል፤ ስለዚህ ጣሪያው ከጥንድ ብዛትና ከአገር ብዛት ጋር ይታሰር። 521 ጥንድ «ገበያ» አይባልም፤ የስጦታ ዝርዝር ነው።

ሦስተኛው ለአገሬ ሰዎች ነው፤ ለፈረሰኞቹ። አባቶቼ፣ እናንተ ሳትጽፉት የኖራችሁት ሕግ ሌላው ዓለም ጽፎ ያልጠበቀው ነው። ግን በዓሉ እየሰፋ ነው፤ እንግዳውም፣ ካሜራውም በዝቷል። ሽልማቱ ሲያድግ አንድ ቀን ሞፈር ያላየ፣ ለቅሶ ያልደረሰ፣ ለጥር 23 ብቻ በጋጣ የተቀለበ ፈረስ ጭኖ የሚመጣ ባለገንዘብ አይጠፋም። ያን ቀን «ይኼማ ነውር ነው» ማለት አይበቃም፤ «የት ተጽፏል?» ይላችኋል። ፈረሱ ቤት የሚሠራ ፈረስ ይሁን የሚለውን ዛሬ ማንም ሳይከፋው ጻፉት። ነገ ስትጽፉት አንድ አሸናፊ ታይቶ የተጻፈ ይሆናል፤ እንደ ሞተሮቹ።

ለዓለም ሕግ አውጪዎች ደግሞ የምለው አጭር ነው። «ማንም» የሚለውን ቃል ያስገባችሁት እናንተው ናችሁ፤ ማንም አላስገደዳችሁም። ወይ ፈጽሙት፣ ወይ ፋቁት። ከፋቃችሁት ቢያንስ እዚህ ያለችው ልጅ ከማን ጋር እንደምትወዳደር ታውቃለች።